ያልጨረሰችው «ስለዚህ»

የምተዳደረው በሰው «ስለሆነም» ነው። ጅቡቲ ውስጥ የአማርኛ ማመልከቻውን ፈረንሳይኛ ማድረግ የሚፈልግ፣ ወይም በፈረንሳይኛ የመጣለት ደብዳቤ ምን እንደሚል የጨነቀው ሐበሻ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ብዙ የማይርቀውን ቤቴን ጠያይቆ ይመጣል። ወረቀቱን ስቀበል ከላይ ጀምሬ አላነብም። ጣቴን ቁልቁል እያንሸራተትኩ «ስለሆነም» የምትለዋን እፈልጋለሁ። የሰውየው ፍላጎት ከእሷ ቀጥሎ ነው ያለው። ከዚያ ወደ ኋላ እመለስና ከእሷ በፊት የተደረደረው ነገር በእርግጥ ወደዚያ ያደርሳል ወይ ብዬ እመረምራለሁ። አብዛኛውን ጊዜ አያደርስም።

አንድ የከባድ መኪና ሹፌር እንዲህ ጽፎ መጣ፦ «ጅቡቲ አሥራ ሁለት ዓመት ኖሬአለሁ። ከማንም ጋር ተጣልቼ አላውቅም። ስለሆነም ባለቤቴ የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሰጣት በትሕትና እጠይቃለሁ።» አንተ ከሰው አለመጣላትህ ለሚስትህ ፈቃድ ምኗ ነው አልኩት። በጣም አዘነብኝ። «ታዲያ ተጣልቼ ቢሆን ኖሮ በምን አፌ እጠይቃለሁ?» አለኝ። እንደ ጻፈው ተረጎምኩለት። ሆዴ ግን አላመነውም። ጠብ የሌለበት ሰው ጠብ የለብኝም ብሎ ለመጻፍ ምን አስቸኮለው?

ጠባዬ ይኸው ነው፤ ልደብቀው አልችልም። ሰው «ደህና ነሽ ወይ?» ሲለኝ እንኳ ቀጥሎ የሚመጣውን እጠብቃለሁ። ቃላቱንም እንደ ሰው እለያቸዋለሁ። «ስለሆነም» ከረባት አስሮ ቢሮ የሚገባ ነው። ቤት ውስጥ የምንለው «ስለዚህ» ነው። «ታዲያ» ለጠብ ይመቻል። «እንግዲህ» ሰው እጁን ሲሰጥ ከአፉ የሚወጣ ነው። እዚህ አገር ደግሞ ሁሉም በፈረንሳይኛው «ዶንክ» ይላል፤ ሶማሌው በሶማሊኛው መሀል፣ አፋሩ በአፋርኛው መሀል፣ እኛም በአማርኛችን መሀል። አንዴ ሄሮን የሚባለው ሠፈር አንድ ቢሮ የደንበኛዬን ጉዳይ ልጠይቅ ሄጄ፣ ጸሐፊዋ ፋይሉን ዘጋችና «ዶንክ…» አለች። ከዚያ በኋላ ምንም አልመጣም። ተመልሰሽ አትምጪ ማለቷ እንደሆነ ደረጃውን ስወርድ ነው የገባኝ።

ጥርጣሬዬን ከሥራዬ ነው ያመጣሁት ብል ደስ ባለኝ። ከባለቤቴ ነው ያመጣሁት። «ፈረንሳይ ዘመድ አለኝ፤ ለሁለታችን በአንድ ጊዜ ወረቀት አይገኝም፤ አንቺም እናትሽን ትተሽ መሄድ አትችይም፤ ስለዚህ እኔ ልቅደም» አለኝ። እያንዳንዱ ነገር እውነት ነበር። ቀደመ። እንደ ቀደመም ቀረ። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው ነገሩን አሳምሮ ደርድሮ «ስለዚህ» ሲለኝ ቦርሳዬን ጠበቅ አድርጌ እይዛለሁ።

ሳልጠረጥር «ስለዚህ»ዋን የምሰማት አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ጎረቤቴ ናት። የድሬዳዋ ሙስሊም፣ ጨርቅ ነጋዴ፣ በዕድሜ ጥቂት ትበልጠኛለች። ለትዳር እዚህ ከመጣች ሠላሳ ዓመት አልፏታል። የእሷ ቤት የኪራይ ነው፤ የእኔ አባቴ ባቡር ጣቢያ ሲሠራ የያዘው ነው። በሁለቱ ግቢዎች መሀል ያለው ቆርቆሮ አጥር ላይ ጎንበስ ብለን የምናልፍባት ትንሽ በር አለች። እርስ በርሳችን «እቴ» ነው የምንባባለው። እሷ ቤት የታረደውን እኔ አልበላም፤ እኔ ቤት የታረደውን እሷ አትበላም። ዓሣን ግን ማንም ባርኮ አያርደውም። ስለዚህ በእኔ ፋሲካም፣ በእሷ ዒድም፣ ሰው ሲታመምም፣ ሰው ሲወለድም በትንሿ በር የሚያልፈው ዓሣ ነበር። በሕይወቴ ካየኋቸው «ስለዚህ»ዎች ሁሉ እንከን ያላገኘሁበት ይኼኛው ነው።

ጎረቤቴ ልመና አይወጣላትም። ችግሯን ትደረድርና «ስለዚህ…» ብላ እጇን ማየት ትጀምራለች። የቀረውን መጨረስ የእኔ ሥራ ነው። «ጋዜ አለቀ፣ ከድሬ እንግዶች እየገቡ ነው፣ ስለዚህ…» ስትል እኔ ሲሊንደሩን እየፈታሁ ነኝ። «ጉልበቴ ጠንቶብኛል፣ የሐኪሙ ፈረንሳይኛ ደግሞ እንደ ገበያው አይደለም፣ ስለዚህ…» ስትል ጫማዬን እያደረግኩ ነኝ። አንድ ቀን እንኳ ስቼ አላውቅም። እሷም እንዲሁ ናት። ባለቤቴ እንደማይመለስ ባወቅኩ ቀን አጥሩ ሥር ቆሜ «እናቴ ታማለች፣ ቤቱ ጭር ብሏል፣ ስለዚህ…» ብዬ ከዚያ በላይ መናገር አቃተኝ። እሷም በዚያው ዓመት ባሏ ሞቶባት ነበር። ምንም አልጠየቀችኝም። ፍራሿን ተሸክማ፣ ልጇን አስከትላ ገባች፤ ሁለት ወር እኔ ጋ አደረች።

ይህን ያወራሁት በኋላ ያደረግኩት ነገር እንዴት እንደሚያሳፍር እንዲገባ ነው።

ነገሩ የጀመረው ሙቀቱ ቀለል በሚልባቸው ወራት ነው። የምሠራው እናቴ በሞተችበት ክፍል ውስጥ ነው። መሀሉ ላይ የአባቴ ጠረጴዛ አለ። ባቡር ጣቢያው አሮጌ ዕቃውን ሲያስወግድ ያመጣው ነው፤ ሦስት ጸሐፊ ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ሲገባ የበሩን መቃን ነቅለን ነው ያስገባነው። ጎረቤቴ አንድ ቀን ሻይዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመችና፣ «እቴ፣ ይሄ ጠረጴዛ መቃኑ ካልተነቀለ አይወጣም አይደል?» አለችኝ።

«ለምን ይወጣል?» አልኳት።

«እንዲያው ነው» አለች።

እንዲያው በሚባል ነገር አላምንም። በሳምንቱ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ በየት በኩል እንደሚገባ ጠየቀችኝ። ቀጥላ ለሥራዬ የሚመቸኝ መስኮት የቱ እንደሆነ ጠየቀች። ከዚያ በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ ዓሣ አመጣችልኝ፤ በዓል የለ፣ የታመመ የለ። ሦስተኛውን ስቀበል «ምነው እቴ፣ ባሕሩን ልታደርቂው ነው?» ብዬ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ዓሣውን በላሁት፤ ለምን እንዳመጣችው ግን ቀኑን ሙሉ ሳሰላ ዋልኩ።

ልጇ አድጎ ድሬዳዋ ገብቶ አግብቷል። በዚያው ሰሞን እናቱን ሊያይ መጣ። አንድ ጠዋት ራስ ዲካ ሠፈር አንድ ደንበኛ ጋ ደርሼ ስመለስ በመስኮቱ አየሁት፤ ክፍሌ ገብቶ ጠረጴዛዬን በሜትር ይለካል። እናቱ ወረቀት ይዛ አጠገቡ ቆማለች። ስገባ ሜትሩ በራሱ ተጠቅልሎ ጧ ብሎ ገባ። «አንቺ፣ የድሮ ሰው ዕቃ ሲሠራ እንደዚህ ነው!» አለኝ ልጁ። የድሬ ሰው ነውና ለትንሹም ለትልቁም «አንቺ» ነው። እናቱ ወረቀቱን አጥፋ በነጠላዋ ሥር አደረገችው። ከመታጠፉ በፊት ግን በእርሳስ የተሠራ አራት ማዕዘን፣ በመሀሉም ሌላ አራት ማዕዘን አይቻለሁ። ክፍሌና ጠረጴዛዬ ናቸው።

ያን ሰሞን የእሷ ቤት ባለቤት አሮጌውን የጣውላ ቤት አፍርሶ ፎቅ ሊያቆም እንደሆነ ሠፈሩ ሁሉ ያወራ ነበር። እኔም ማመልከቻዋን በጭንቅላቴ ጻፍኩላት። ቤቷ ሊፈርስ ነው። ጉልበቷ ታሟል። የእኔ ክፍል ለጥላ የተመቸ ነው። ጠረጴዛው ካልወጣ አልጋ አይገባም። ለዚያ ለክተውታል። ስለሆነም የእናቴን ክፍል ትፈልጋለች። ወደ ኋላ ተመልሼ መረመርኩት፤ አንድም የሚጎድል አላገኘሁበትም። እንደዚህ የተገጣጠመ ማመልከቻ ይዞልኝ የመጣ ደንበኛ የለም።

ብትጠይቀኝ እሰጣት ነበር። እውነቴን ነው፤ ጠረጴዛውን ግቢ አውጥቼ በላስቲክ ሸፍኜ እሰጣት ነበር። ያንገበገበኝ ሳትጠይቀኝ መለካቷ ነው። እኔ ያመንኳት አንዲት ሴት እሷም እንደ ባለቤቴ ነገሯን ከጀርባዬ ደርድራ ጨርሳ፣ የቀራት ቃሉን ማለት ብቻ ነው አልኩ። ተዘጋጅቼ ጠበቅኳት።

መጣች። ከተማው ጫቱን ይዞ ጥላ ፍለጋ የሚገባበት ሰዓት ነበር፤ መንገድ ላይ ድመት እንኳ የለም። መብራት ጠፍቷል። እኔ በካርቶን ፊቴን እያራገብኩ ጠረጴዛዬ ጋ ተቀምጫለሁ። ያን ቀን ዓሣ አልያዘችም። እናቴ ትቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ባለቤቱ እስከ ሰኔ ልቀቂ ብሎኛል» አለች። «ልጄ ድሬ ቤት ሠርቶ ነይ ነይ ይለኛል። ጉልበቴም ይሄን ሙቀት አልቻለም። አንቺም ብትሆኚ ብቻሽን ነሽ። ስለዚህ…»

እጇን ማየት ጀመረች።

«ስለዚህማ ልጅሽ ጋ መግባት ነዋ» አልኳት። «ጥሩ ነው። ከልጅ የሚበልጥ የለም። እኔ እዚሁ ለምጄዋለሁ። ይሄን ክፍል ግን ለማንም ብዬ አልለቅም።»

ቀና ብላ አየችኝ። እኔ እሷን አላየኋትም፤ የደንበኛ ወረቀት እያስተካከልኩ ነበር። ካርቶኑ ከእጄ ወድቆ ነበር፤ አንስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ።

«እንግዲህ» አለች።

በትንሿ በር ጎንበስ ብላ ስታልፍ ጉልበቷ ሲንቋቋ ሰማሁ። አሸነፍኩ አልኩ። እውነቱን ልናገርና ደስ ብሎኝ ነበር፤ እስኪመሽ ድረስ።

ከዚያ በኋላ ሰላምታችን አልተቋረጠም፤ ወዙ ነው የጠፋው። ሰኔ ሳይገባ ዕቃዋን ሰበሰበች። አዲሱ ባቡር የሚነሳው ከከተማ ወጣ ብሎ ስለሆነ ጠዋት ታክሲ ጠራንላት። ዕቃዋን አብሬ ጫንኩ። ስታቅፈኝ ጉንጯ እርጥብ ነበር፤ ላብ ነው አልኩ። በመስኮቱ ብቅ ብላ «ጠረጴዛሽን ደህና አድርገሽ ያዢ» አለችኝ። ታክሲው ከታጠፈ በኋላም እዚያው ቆሜ ይህችን ነገር ሳገላብጥ ቆየሁ። አሽሙር ነው አልኩ። በሄደችበት እንኳ አልፋታ አለችኝ አልኩ።

የሐምሌው ሙቀት ገባ፤ ነፋሱ አሸዋውን በየቀዳዳው ያስገባል። ዓሣ ገዛሁ፤ ግማሹን በልማድ በሳህን ከፍዬ ወደ ትንሿ በር ይዤ ስሄድ ነው ማንም እንደሌለ ትዝ ያለኝ። ድመቶቹ በሉት። አንዴ ደወለችልኝ፤ ስለ ጤና፣ ስለ መብራት፣ ስለ ውኃ አወራን። ምንም አልደረደረችም። «ስለዚህ»ም አላለች። ስልኩን ስዘጋ ምን ፈልጋ ነው የደወለችው ብዬ ግማሽ ቀን አሰብኩ።

ቤቱ ሊፈርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ልጇ መጣ፤ የቀረውን ጣውላና የሱቁን መደርደሪያ ሊጭን ነው። ውኃ ሰጠሁት። ቆሞ እየጠጣ ጠረጴዛዬን አየውና ራሱን ነቀነቀ።

«እኔ ምልሽ፣ ያንን በር ምን ላድርገው?» አለኝ።

«የምን በር?»

«ድሬ የሠራሁልሽን ክፍል በር ነዋ! ግንበኛው እስካሁን ይስቅብኛል። ክፍሏ የሰው፣ በሯ የመጋዘን። እናቴ ደግሞ ጠረጴዛው ሳይነካ ካልገባ ብላ ገተረች። ‹እቴ አንድ ጊዜ መቃን አስነቅላለች፣ ሁለተኛ አላስነቅላትም› አለች።»

አላመንኩትም። ጠረጴዛውን ፈልጎት ነው የሚያወራው አልኩ። ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። ነጭ ቀለም የተቀባች ክፍል ናት፤ መስኮቷ እኔ ይመቸኛል ባልኩት በኩል ነው። በሯ ባለ ሁለት መዝጊያ ነው፤ ከክፍሏ ጋር ፈጽሞ አይመጥንም። ወለሉ ላይ ሽንኩርት ተሰጥቷል።

«ሰው ስለጠፋ ሽንኩርት አድርገንባት ነው» አለ። «እማዬ አብረን ካልሆነ አልሄድም ብላ ስንት ወር አንገላታችኝ። በኋላ አንቺ እምቢ አልሽ አለችኝ። ክፍሌን ለማንም ብዬ አልለቅም ብለሽ መለስሽላት አሉ። ተይ እንደገና ጠይቂያት ብላት፣ ‹እሷ የምለው ሳይገባት ቀርቶ አያውቅም፤ ስለዚህ እምቢ ያለችው አውቃ ነው› አለችኝ።»

ልጁ መደርደሪያውን ጭኖ ሲሄድ እዚያው ቁጭ እንዳልኩ ነበርኩ። ሥራዬ ነውና ወደ ኋላ ሄጄ መረመርኩ። ጠረጴዛው ይወጣል ወይ ማለቷ። መስኮቱ። ሜትሩ። ወረቀቱ። ሦስቱ ዓሣ፤ ድሬ ዓሣ እንደ ልብ አይገኝምና ሁለታችንም ከዓሣ የምንሰነባበትበት ነበር። «አንቺም ብትሆኚ ብቻሽን ነሽ» ያለችኝ። ያየሁት ነገር ሁሉ በትክክል የነበረ ነው፤ አንዱንም አልፈጠርኩም። መጨረሻው ላይ የተከልኩት ሰው ግን እሷ አልነበረችም። ሠላሳ ዓመት ዓሣ ስታሻግርልኝ የኖረችውን ሴት ማመልከቻው ውስጥ ሳላስገባት ነው «ስለሆነም» ያልኩት። የእሷን «ስለዚህ» ደግሞ መረመርኩት። አንድ ጊዜ እንኳ ስቶ የማያውቅ ሰው መለሰላት፤ ስለዚህ እምቢታው የታወቀ ነው። እንከን የለውም። እንከኑ እኔ ነኝ።

አለቀስኩ። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ አላለቀስኩም።

ሦስት ቀን ስልኩን እያነሳሁ አስቀመጥኩ። ምን እላታለሁ? የስንቱን ሰው ልመና አሳምሬ የጻፍኩ፣ ለራሴ አንድ መስመር አጣሁ። በአራተኛው ቀን ጎረቤት ያለው ቤት መፍረስ ጀመረ። ጣውላው ሲሰነጠቅ፣ ቆርቆሮው ሲወርድ፣ አቧራው በትንሿ በር በኩል እኔ ግቢ ሲገባ ደወልኩላት።

«ቤትሽን እያፈረሱት ነው» አልኳት። «መብራት የለም። ልጅሽ መጥቶ ነበር፣ በሩን አሳየኝ። ያን ቀን ሌላ ነገር መስሎኝ ነው እቴ፤ ክፍሌን የፈለግሽ መስሎኝ ነው። ዓሣ ስገዛ አሁንም ለሁለት ነው የምከፍለው። ስለዚህ…»

ከወዲያ ዶሮ ሲጮህ ይሰማኛል፣ ሰው ሲጣራ ይሰማኛል። እንደ ወትሮው እንድትጨርስልኝ ጠበቅኩ። አልጨረሰችልኝም።

«ስለዚህ ምን?» አለች።

«ታውቂዋለሽ እኮ።»

«አላውቅም። እኔ አወቅሁ ብዬ፣ አንቺም አወቅሁ ብለሽ እዚህ ደረስን። አሁን በአፍሽ ንገሪኝ።»

ባለቤቴ እንኳ ሲሄድ አትሂድ ብዬ በአፌ አላልኩም። ጠረጴዛውን በሁለት እጄ ይዤው ነበር።

«ስለዚህ ልመጣ እፈልጋለሁ» አልኳት። «አብሬሽ መኖር እፈልጋለሁ። ክፍሏ ሽንኩርት ካልሞላባት።»

ከወዲያ ወንበር ስባ ስትቀመጥ ሰማሁ።

«ጠረጴዛውን ይዘሽ ነው?» አለችኝ።

ለምን እንደጠየቀችኝ አላሰብኩም። «ይዤ ነው» አልኩ፤ ስልኩን ሳልዘጋ መቃኑን የሚነቅልልኝ አናጢ ፍለጋ ወጣሁ።